የምትሞተው ልጅና ከመድረክ የሚጠፋው ሰው

ያልተፈለገ እርግዝናን ጭብጣቸው አድርገው በትምህርት ቤት አዳራሽና በአማተር የኪነት ቡድኖች መድረክ የሚቀርቡ ተውኔቶች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ በአንድ ቦይ የሚፈስሱ ናቸው። ተማሪዋ ታረግዛለች፤ በጓደኛዋ ምክር በጨለማ ወደ አንዲት አሮጊት ጎጆ ትሄዳለች፤ ተበጥብጦ የተሰጣትን ሥር ትጠጣለች፤ በመጨረሻው ገቢር እናቲቱ ሬሳዋ ላይ ወድቃ ስታለቅስ መጋረጃው ይዘጋል።

የተመልካቹ እንባ የውሸት አይደለም። በስውር የሚፈጸም ውርጃ ለረጅም ዘመን ከእናቶች ሞት ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ መቆየቱ የታወቀ ነው። ጉድለቱ ያለው በጥበቡ ላይ ነው፤ ደራሲው ሊጋፈጠው የሚገባውን ጥያቄ ሞት ከፊቱ ያነሣለታል። ውርጃን የሚያወግዘው ተመልካች «ኀጢአቷ ገደላት» ብሎ ይወጣል፤ ይፈቀድ ባዩም «ክልከላው ገደላት» ይላል። ሁለቱም ይዘውት የገቡትን እምነት ይዘው ይመለሳሉ፤ አንዲቱ ሬሳ ለሁለቱም ማስረጃ ሆናለች። ያስረገዛት ሰውማ ከሁለተኛው ገቢር በኋላ ስሙም አይነሣ።

ታሪኩ የታወቀ ቦታ ቢኖረው ይህን ያህል ባልቀለለ ነበር። ተውኔቶቹ «ከተማ» ከሚባል ስም የለሽ ስፍራ ወጥተው በሚዛን ተፈሪ፣ በበበቃ ወይም በቴፒ የቡና ምድር ቢቀመጡ ምን ይሆናል? ቡናው ሲቀላ ለቀማው ወጣቶችን ከሩቅ አገር ይጠራል፤ ገቢው በተለቀመው ኪሎ ይለካል፤ ለቀማው ሲያበቃ ብዙው ሰው ወደየመጣበት ይበተናል። ሴቲቱ ማርገዟን የምታውቀው ምናልባት ወንዱ ከተሳፈረ በኋላ ነው። እዚህ ክፉ አሮጊት መፍጠር አያስፈልግም፤ የወቅት ሥራው ራሱ ግጭቱን ይወልደዋል።

ከዚህም በላይ ሳይነካ የቀረው ሀብት ሕጉ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እናቲቱን ከከባድ አደጋ ለማዳን ካልሆነ በቀር ጽንስ ማቋረጥን አይፈቅድም ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ክልከላውን አልሻረም፤ ዳሩ ግን ለተደፈረች፣ ከቅርብ ዘመዷ ላረገዘች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ ለሚያሠጋ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ላለበት፣ በዕድሜዋ ለጋነት ወይም በጉዳቷ ልጅ ማሳደግ ለማትችል በር ከፈተ። የመደፈሯ ማስረጃም የራሷ ቃል ብቻ ነው። ድህነት ግን በአንቀጽ 550 ቅጣት ማቅለያ ሆነ እንጂ ፈቃድ አልሆነም። ማንንም ሙሉ በሙሉ ያላስደሰተ ዕርቅ ነው፤ ለጸሐፌ ተውኔት ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይገኛል?

እነሆ ገጸ ባሕርይዋ፦ ሃያ ዓመት የሞላት፣ ጤነኛ፣ ማንም ያልደፈራት፣ ድኻ የቡና ለቃሚ። በጤና ጣቢያ ነርሷ ፊት ተቀምጣለች። አንዲት ቃል ብትዋሽ በሩ ይከፈትላታል፤ እውነቱን ብትናገር ይዘጋባታል። እናቷ ውጭ ነጠላዋን ተከናንባ ትጸልያለች፤ ጽንሱ ነፍስ ነው ብላ ታምናለች። ነርሷ ደግሞ ሥር ጠጥተው የመጡትን ሴቶች አይታለች። ሁለቱ ሴቶች ስለ ጽንሱ ከቶ አይስማሙም። ልጅቱ ወደዚያች ጎጆ እንዳትሄድ ግን ሁለቱም እኩል ይፈራሉ፤ ሁለቱም «ልጁ ቢወለድ እናቱ ቡና ስትለቅም ማን ይይዘዋል?» የሚለውን መመለስ አለባቸው፤ ሁለቱም ሰውየውን ይፈልጉታል። ክርክሩ የሚገናኝበት መሬት ይኸው ነው፤ በንግግር ሳይሆን በድርጊት ሊታይ የሚችልም ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ጊዜ ይሻል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት፤ አድማጩ ከገጸ ባሕርያቱ ጋር የመኖር ዕድል አግኝቷል። የአንድ ሰዓት ተውኔት ያን አይችልም። ገቢሮቹን በልቅሶና በምክር ባያጣብብ ግን አንድ ጥያቄ በወጉ ሊያቆም ይችላል። አሮጊቷን ከመድረክ ያስወጣትና በምትኩ ያን ሰውዬ ይመልሰው፦ ከሚዛን ተፈሪ በሚወጣው አውቶቡስ ውስጥ፣ የለቀማውን ብር በኪሱ ይዞ፣ ገና ያልሰማውን ወሬ ከኋላው ትቶ የተቀመጠውን።