የመስከረሙ ዘፈን ሞልቶ የሐምሌው የት ገባ? የጃፓን የበጋ ዜማና የደባርቅ ክረምት

በጃፓን የበጋ ዘፈን ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። ግንቦት ማብቂያ ላይ የሚገባው ዝናብ ሐምሌ አጋማሽ ግድም ሲያባራ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ሙቀቱ ይበረታል፤ የወንዝ ዳር ርችትና የሰፈር በዓል ይጀመራል። ልብ ብሎ ላዳመጣቸው ግን ከነዚህ ዘፈኖች ብዙዎቹ፣ በተለይ ጥሩዎቹ፣ የሚያነሡት የበጋውን መምጣት ሳይሆን ማለቁን ነው። ኢኖዌ ዮሱይ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው «ሾኔን ጂዳይ» የሚጀምረው በጋው ካለፈ በኋላ ነው። ዞን የተባለው የልጃገረዶች ባንድ በ2001 ያስቀረጸው «ሲክሬት ቤዝ» የወቅቱ ማብቂያ ላይ የሚለያዩ ጓደኛሞች ስንብት ነው። የፉጂፋብሪክ ባንድ ድምፃዊ ሺሙራ ማሳሂኮም የተወለደው በፉጂ ተራራ ግርጌ ባለችው ፉጂዮሺዳ ሲሆን፣ በ2007 ከባንዱ ጋር ያወጣው «ዋካሞኖ ኖ ሱቤቴ» የዓመቱን የመጨረሻ ርችት የሚጠብቅ ሰው ዘፈን ነው።

እነዚያኑ ሳምንታት በሰሜን ጎንደሯ ደባርቅ ላይ ሆነን እንያቸው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ተነሥቶ ዳገቱን ይወጣል፤ መንገዱንም፣ ከብቱንም፣ እረኛውንም ይውጣል። በጎረቤቷ ዳባት ገበሬው አረሙን እየነቀለ «በረዶው ይምረን» ይላል። ተማሪው ዕረፍት ላይ ነው፤ ዕረፍቱ ግን ገሳ ደርቦ ከብት መጠበቅ ነው። ይህን ያህል ሰውነት ውስጥ የሚገባ ወቅት በስቱዲዮ ዘፈኖቻችን ውስጥ ቦታው የት ነው? እስከማውቀው ድረስ ቦታው ጠባብ ነው። ዘመናዊው የአማርኛ ዘፈን ክረምቱን ተሻግሮ መስከረም ላይ ይደርሳል። የዘሪቱ ጌታሁን «እንቁጣጣሽ» በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ከየሬዲዮው ይሰማል፤ ተመሳሳዮቹም ብዙ ናቸው። አደይ አበባው፣ የጠራው ሰማይ፣ የጎደለው ወንዝ ሁሉም አለ። ሦስቱ የጭቃ ወራት ግን ወደዚያ ለመድረስ የታለፉ ጨለማ ብቻ ናቸው።

ለዚህ የመጀመሪያውን ምክንያት በስሜት ሳይሆን በእንጀራ ውስጥ መፈለግ ይሻላል። የጎንደር አዝማሪ ዋና ገበያው ሠርግ ነው፤ ሠርግ ደግሞ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ባለው ጊዜ ይበዛል። ክረምት ላይ ገበሬው እህሉ ገና ማሳ ላይ ነው፤ ጎተራው ተራቁቷል፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ደግሞ ጾመ ፍልሰታ አለ። መሣሪያው ራሱ ወቅቱን አይወደውም። የማሲንቆው ቆዳ እርጥበት ሲይዘው ይላላል፤ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል፤ እሳት ዳር ካልሞቀ አይመለስም። ከበሮም እንዲሁ ነው። ዘፋኝ የሚዘፍነው በሚከፈለው ወቅት ስለሆነ የግጥሙ ሀብት የተከማቸው በጥር ጨረቃ፣ በመኸሩ ጥጋብና በሙሽራዋ ጓሮ ዙሪያ ነው። ከማሲንቆው ቤት የወጣው የከተማ ዘፈን ይህንኑ የቀን መቁጠሪያ ወረሰ። ካሴትም ሆነ አልበም ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ ይሯሯጡ ከነበሩት አሳታሚዎች ሐምሌን የሚያስታውስ አልነበረም።

ክረምቱ ግን ዘፈን አልባ አይደለም። አረሙና ደቦው ላይ ዘፈን፣ እረኛው ከንፈር ላይ ዋሽንት አለ፤ እነዚህ ብዙ ተብሎላቸዋል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የዝናቡ ልብ ነው፤ በጃፓን የሙታን መንፈስ ወደ ቤቱ ይመለሳል ከሚባልበት የኦቦን በዓልም በቀናት ብቻ ይርቃል። በሁለቱም እሳት ይነዳል፤ በሁለቱም ሰው ተሰብስቦ ይዘፍናል። እ.ኤ.አ. በ1933 ናካያማ ሺምፔይ ዜማውን የደረሰለት «ቶኪዮ ኦንዶ» ዛሬም በኦቦን ጭፈራ ላይ ሰው ክብ ሠርቶ የሚጨፍርበት ነው። ሰው በሸክላ የወጣ ዘፈን እየሰማ ነው የወል በዓሉን የሚጨፍረው። የቡሄ ልጆች ግን አውጪውን ከመካከላቸው ያወጣሉ። አውጪው የቤቱን ጌታ ስምና ሙያ ከግጥሙ ጋር ያገጣጥማል፤ ተቀባዮቹ «ሆ!» እያሉ በዱላቸው ምድሩን ይመታሉ። ደረቅ መሬት ላይ የሚጮኸው ዱላ በራሰ መሬት ላይ ይታፈናል፤ ስለዚህ ድንጋይ የተነጠፈበትን ደጃፍ መምረጥ የዜማው አካል ይሆናል። ዋጋው ሙልሙል ነው። ጾም ስለሆነ ቅቤ የለበትም። ግጥሙ ምንም አይናፍቅም፤ ዳቦውን አሁኑኑ ነው የሚፈልገው።

ከቡሄ አልፈን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ወቅቱ በሥርዓት ተሰድሮ እናገኘዋለን። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ያሬድ ድጓውን በወቅትና በበዓል ከፋፍሎ እንደ ደረሰ፣ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ተራሮች መንኖ ሕይወቱን በዚያ እንደ ፈጸመ ትውፊቱ ይናገራል። መታሰቢያው ግንቦት 11 ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። በዚያ ውስጥ የዘሩ፣ የደመናው፣ የመብረቁ፣ የወንዙና የጠሉ ጊዜ የየራሱ ዝማሬ አለው። ከመስከረም 26 ጀምሮ ዘመነ ጽጌ ይቀበለዋል። ጃፓኖች «ሳይጂኪ» የሚሉት የወቅት መዝገብ አላቸው፤ ሲካዳ፣ የንፋስ ቃጭልና ሌሎች ነገሮች በየወቅታቸው ተመድበው ለሀይኩ ገጣሚ ይቀርቡለታል፤ የዘፈን ደራሲውም ሲቀዳ የሚያገኘው ከዚያው ነው። ድጓው ውስጥ ያለው ምደባ ከዚህ የሚያንስ አይደለም። ልዩነቱ የኛው ከቅኔ ማኅሌቱ ወጥቶ ወደ ዘፈኑ ገበያ አለመድረሱ ነው፤ በኔ ግምት የዘፈን ገጣሚዎቻችን ያለፉት ትልቁ ሀብት ይህ ነው።

አንዳንዶች የኢትዮጵያና የጃፓን ዜማ ዝምድና ቅኝቱ ላይ ነው ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። ከሜጀር ስኬል 4ኛውና 7ኛው ድምፅ ሲወጣ የሚቀረው፣ ጃፓኖች «ዮናኑኪ» የሚሉት አምስት ድምፅ ትዝታ ሜጀር ነው፤ ከማይነሩ ሲወጣም ትዝታ ማይነር ይሆናል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች አሸናፊ ከበደ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለፍሉት፣ ለክላርኔት፣ ለቫዮሊንና ለጃፓኑ ኮቶ «ኮቱሬዥያ» የተባለ ሥራ ሲደርስ ይህን ዝምድና በጆሮው ፈትሾታል። ቢሆንም በቅኝቱ ላይ ብዙ መንጠልጠል ያሳስተናል። ያው ቅኝት አንድ ቀን ለሰርግ፣ ሌላ ቀን ለለቅሶ ያገለግላል፤ አምስቱ ድምፆች በራሳቸው ሐምሌን አያመጡም። ወቅቱን የሚያመጣው ዘፈኑ የሚጠራው ነገርና ዘፈኑን የሚሰማው ሰው የቆመበት ቦታ ነው።

የሰሚው ቦታ ያልኩትን አንድ ዘፈን ያብራራልናል። እ.ኤ.አ. በ1949 ኤንኤችኬ ሬዲዮ ያስተላለፈው «ናትሱ ኖ ኦሞይዴ» ኤማ ሾኮ ግጥሙን፣ ናካዳ ዮሺናኦ ዜማውን የደረሱት ሲሆን፣ ኦዜ የተባለችውን የተራራ ረግረግ ከነነጭ አበባዋ ያነሣል። ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ የከተማ ሰው ወደ ኦዜ ጎረፈ። ይህ የሰሜን ተራሮችን ያስታውሰናል፦ በዚያ ባለው ጊጭ ላይ ጅብራ የተባለው ተክል በጉም ውስጥ ቆሞ የሚታየው በክረምት ነው፤ ጎብኚው ግን በብዛት የሚመጣው ከመስከረም በኋላ፣ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ኦዜ በዘፈን የታወቀችው ያንን ቦታ ከሩቅ፣ ከከተማ ሆኖ የሚናፍቅ ጆሮ ስለነበረ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓናዊው ገጠሩን ለቅቆ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ሲጎርፍ ወደ ትውልድ ቀዬው ከሚመለስባቸው ዋና ጊዜያት አንዱ ኦቦን ነበር፤ ባቡሮች ይጨናነቁ ነበር። ለዚህ ነው የበጋው ዘፈን ስንብት የበዛበት፦ የተመለሰ ሰው እንደገና ይሄዳልና።

የሰሜን ልጅስ መቼ ነው የሚመለሰው? ለጥምቀት ነው። ነሐሴ ላይ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቤቱ ሥራ ላይ ነው፤ ዘመድ እንግዳ ለመቀበል እህል የለውም። ጥር ሲመጣ ከአዲስ አበባም፣ ከውጭ አገርም የሚመጣው ወደ ጎንደር ያቀናል፤ አዝማሪው ደርሶ ይጠብቀዋል፤ የናፍቆቱ ግጥምም እዚያ ይነገራል። ጉራጌው ለመስቀል ወደ አገሩ ሲጎርፍ ናፍቆቱን በመስከረም መዝፈኑም ከዚሁ የተለየ አይደለም። ለደባርቅ ሰው የጃፓኑ በጋ ስሜት የሚገኘው በጥር ነው፤ ክረምቱን የሚዘፍነው ደግሞ ከቀዬው ያልወጣው ነው፦ እረኛው፣ አራሚው፣ የቡሄው ልጅ፣ ደብተራው። እነሱ ደግሞ መቅረጫ ስቱዲዮ ሄደው አያውቁም። ዛሬ ዛሬ፣ ነሐሴ 12 ማታ በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ የቡሄው ዘፈን «ሆያ ሆዬ» ከቅጂ ሲሰማ ከደባርቅ የመጣ ጎልማሳ ድንገት ዝም ይላል፤ ዘፈኑ ለእርሱ ዳቦ መጠየቂያ መሆኑ ቀርቶ ትዝታ ሆኗል። አውጪው ግን የማንንም ቤት ስም አይጠራም።