«ደረቅ» የሚለው ቅጽል ስለ ሰው ሲነገር

ዐማርኛ እንቢተኛን ሰው የሚጠራበት ቃል አንድ ብቻ አይደለም። ግትር፥ እልኸኛ፥ ችኮ፥ አንገተ ደንዳና የሚባሉት ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ፤ ወደ ውጭ አገር ቋንቋ ሲመለሱም ብዙውን ጊዜ የሚደርሳቸው አንድ ትርጕም ነው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በየዕለቱ በሰው አፍ የሚመላለሰው ግን «ደረቅ» ነው። ይህ ቅጽል ስለ እንጨት ወይም ስለ ልብስ ሲነገር ማንንም አያሳስትም፤ ስለ ሰው ሲነገር ግን ተርጓሚውንም የሕዝብ ልማድ መርማሪውንም ያሳስታል።

ስሕተቱን በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ኢዘንበርግ በ1841 እ.ኤ.አ. ካሳተመው አንሥቶ፥ በጕይዲ (1901 እ.ኤ.አ.) እና በደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) በኩል አልፎ፥ እስከ ኬን ሁለት ትልልቅ ቅጾች (1990 እ.ኤ.አ.) ድረስ፥ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ቃልን ከነፍቺው መደርደር ነው። ቃሉን ማን፥ ለማን፥ በምን ጉዳይ እንደ ተናገረው በየመስመሩ እንዲጽፉ አይጠበቅባቸውም። ይህን መጻፍ የሚጠበቅበት መንደር ውስጥ ተቀምጦ የሚሰማው መርማሪ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ የሚያደርገው መዝገበ ቃላቱን ገልጦ የመጀመሪያውን ፍቺ መውሰድ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ነገሮች የሚባለውን ማየት ይጠቅማል። ደረቅ እንጀራ ማለት ውሃ ያጣ እንጀራ ማለት ብቻ አይደለም፤ ትኵስና ለስላሳም ቢሆን ወጥ የሌለው እንጀራ ደረቅ ነው። ደረቅ ሌሊት ዝናብ የሌለበት ሌሊት ሳይሆን የሰው ድምፅና እግር የጠፋበት ሰዓት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 የሚቀጣውን፥ በባንክ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የሚሰጠውን ቼክ፥ ነጋዴው ሁሉ ደረቅ ቼክ ይለዋል። ሞጆ ያለው ወደብ ባሕር የለውምና ደረቅ ወደብ ተብሏል፤ ይህ የመጨረሻው ከውጭ ቋንቋ የተተረጐመ ቢሆንም ዐማርኛው ሳይቸገር ተቀብሎታል። በእነዚህ ሁሉ ቃሉ የሚያመለክተው የውሃን መጥፋት ሳይሆን፥ አብሮ ሊገኝ ይገባ የነበረ ነገር መጕደሉን ነው።

ስለዚህ ስለ ሰው ሲነገር መጠየቅ ያለበት፥ ከዚህ ሰው ዘንድ የጐደለው ምንድን ነው? የሚለው ነው። ዐይነ ደረቅ በሚለው ውስጥ መልሱ ግልጥ ነው፤ የጐደለው እፍረት ነው። ደረቅ ብቻ ሲባል ግን የጐደለው፥ ተናጋሪው ከሰሚው ይገባኛል ብሎ የጠበቀው እሺታ ነው። የፈረንሳዩ «ቴቱ»ና የኢጣልያው «ቴስታርዶ» እንቢተኝነትን ከራስ፥ የጀርመኑ «ሃርትኔኪሽ» ደግሞ ከማጅራት ያወጡታል፤ የእኛም አንገተ ደንዳና ከዕብራይስጡ የመጻሕፍት ንግግር በትርጕም የመጣ ነው። እነዚህ ሁሉ ነገሩን በባለቤቱ አካል ውስጥ ያኖሩታል። «ደረቅ» ግን የሚጠባበቅ ሌላ ሰው ከሌለ ትርጕም አይኖረውም።

ይህን የሚያስረዳ አንድ ነገር ከከብት ይገኛል። በቅሎ መንገድ ላይ አልሄድም ብትል ለገመች ይባላል፤ አህያ ግትር ናት ይባላል። ደረቀች ቢባል ግን ሰሚው የሚረዳው መክሳቷን ነው። እሺ ማለት የማይችል ፍጥረት ደረቅ ሊሆን አይችልም።

ሌላው ማስረጃ ከማዕድ አጠገብ ነው። እንግዳ ብላ ሲሉት አንድ ጊዜ ሁለት ጊዜ አይሆንም ቢል ተግደረደረ ይባላል እንጂ ደረቀ አይባልም። መግደርደር በሁለቱም ወገን የታወቀ እንቢታ ነው፤ እንግዳው በመጨረሻ እንደሚቀምስ፥ ባለቤቱም መለመኑን እንደማይተው ሁለቱም ያውቃሉ። ድርቅና የሚጀምረው ልመናው ልኩን አልፎ እንግዳው ሳይቀምስ የተነሣ እንደ ሆነ ነው። የእንግዳው ጠባይ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የባለቤቱ ተስፋ ነው።

በሽምግልና ላይ ግን ጉዳዩ ከማዕድ ጨዋታ ይከብዳል። ከባልዋ ቤት የወጣች ሴት አለች እንበል። ሽማግሌዎች መጥተው ተመለሺ ይሏታል፤ እርስዋ እንቢ ትላለች። ሲወጡ በመጀመሪያ የሚሉት «ደረቀችብን» ነው። በግሡ መጨረሻ ላይ ያለው «ብን» የሚለው ዝርዝር በጥሞና ሊታይ ይገባዋል፤ ነገሩ የደረሰባቸው እነርሱ እንደ ሆኑ ይመሰክራልና። ልብስ ለባለቤቱ «ደረቀለት» ይባላል፤ እንቢ ያለ ሰው ግን ለማንም «ደረቀለት» ሲባል አይሰማም፤ ሁልጊዜ «ደረቀበት» ነው። ነገሩ በሰፈር ከተወራ በኋላ «ደረቀችብን» የነበረው «ደረቅ ናት» ይሆናል፤ «ብን» ወደቀች፥ ሽማግሎቹም ከዐረፍተ ነገሩ ወጡ። ጥቂት ቈይቶ «የእርስዋ ድርቅና» ይባላል። አንድ ቀን የሆነው ነገር ጠባይ፥ ጠባዩም ስም ሆነ። መርማሪው የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ ደብተሩን አውጥቶ «እልኸኛ ሴት» ብሎ በውጭ ቋንቋ ሲጽፍ፥ ሰፈሩ የጀመረውን እርሱ ይፈጽመዋል።

እርግጥ ነው፥ ከልጅነቱ ጀምሮ ደረቅ ነው የሚባል ሰው አለ፤ ቃሉ ጠባይን ከቶ አይገልጽም ማለት ልክን ማለፍ ይሆናል። ነገር ግን ይህንም የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሊያዙት የሞከሩ ሰዎች ናቸው። ታናሽ ታላቁን ፊት ለፊት «ደረቅ ነዎት» አይለውም፤ «እንቢ አሉኝ» ይላል፥ ቢያከብር ደግሞ «ሐሳባቸው ጽኑ ነው» ይላል። እንቢታው አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ እንደ ዕድሜና እንደ ማዕርግ ይለያያል። «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» በሚለው ተረት ውስጥ ጥፋተኛው ደረቁ መሆኑ ያለ ጥያቄ ማለፉም ከዚህ ጋራ የሚሄድ ነው።

ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሰምና ወርቅ» የዐማራን ባህል በቅኔ ኅብር በር ገብቶ ከመረመረ ወዲህ፥ ድርብ ትርጕም የሚፈለገው ከሊቃውንት አፍ ብቻ የሆነ ይመስል ተራው ንግግር ችላ ተብሏል። ከላይ እንደ ታየው ግን፥ ደጅ ላይ የሚነገር አንድ ቅጽልም የተናጋሪውን ቅሬታ ከሥሩ ደብቆ ስለ ሌላ ሰው ጠባይ ይናገራል።

እንዲህ ያለውን ቃል የሚመዘግብ ተማሪ ቅጽሉን ብቻ ሳይሆን ግሡን ከነዝርዝሩ፥ ተናጋሪውንም ከነጥያቄው መጻፍ አለበት። ሴትዮዋንም መጠየቅ አለበት። እርስዋ ስለ ራስዋ ስትናገር «ደረቅሁ» አትልም፤ «በቃኝ» ትላለች፤ ይህም ቃል በዚያው ገጽ ላይ፥ ከሽማግሎቹ ቃል ጐን መጻፍ የሚገባው ነው።