ማርሚታና ጉልበት

ባለፈው ሰሞን አዲሱ ገበያ፣ ከአንድ የሞተር ሳይክል ጋራዥ ደጃፍ ቆሜ ነበር። አንድ ጎረምሳ አሮጌ ያማሃ ዲቲውን እየገፋ መጣ። በየወረዳው ግብርና ቢሮ ግቢ ቆማ የምናውቃት ዓይነት ናት፤ ዕድሜዋ ከባለቤቷ ሳይበልጥ አይቀርም።

«ጋሼ፣ ይቺን ማርሚታ አውልቀው ክፍት ቱቦ ይግጠሙልኝ።»

«ምን ሆነች?»

«ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስወጣ ትታፈናለች። ትንሽ ትተንፍስ ብዬ ነው።»

መካኒኩ ካንዴላዋን ፈቶ አሳየው። ጥላሸት ለብሳለች። «ልጄ፣ የታፈነችው በአፍንጫዋ ነው፤ አንተ ጅራቷን ቁረጥልኝ ትለኛለህ!»

ልጁ አልሳቀም። ሞተሩን እየገፋ ማዶ ወዳለው ብየዳ ቤት ተሻገረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰፈሩን የሚያናውጥ ድምፅ ተሰማ፤ ልጃችን ፊቱ በርቶ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ከነፈ።

የመካኒኩ ንግግር ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጉለሌ ደግሞ ከዚያም ሽቅብ ይወጣል፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ሯጮቻችን እንጦጦን የሚወዱትም ለዚሁ ነው፤ ሳንባ በስስ አየር ይሠለጥናል። ካርቡሬተር ግን ሳንባ አይደለም፤ አይለምድም። በውስጡ ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቁራጭ አለች። ቀዳዳዋ ፋብሪካ ውስጥ የተለካችው ለቆላው ወፍራም አየር ነው። እኛ ዘንድ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ሞተሩ ከሚያቃጥለው በላይ ይጠጣል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዳገት ላይ ይታፈናል።

መድኃኒቱ አነስ ያለ ቀዳዳ ያላት ቁራጭ መተካት ነው። አንዳንድ የጃፓን ፋብሪካዎች የጥገና መጽሐፍ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚነዳ ሞተር ይህ እንዲደረግ ተጽፏል። ቀጥሎ ሞተሩ ሞቆ እያለ በካቻቢቴ ሚኒሞውን ማስተካከል፣ ዳገት ላይ ነድቶ መመለስ፣ ካንዴላዋን ፈቶ ቀለሟን ማየት ነው። ከጠቆረች ቤንዚኑ ገና ብዙ ነው፤ ከነጣች አንሷል፤ ቡናማ ከሆነች ደርሷል። የጎደለውን አየር ማንም አይመልሰውም፤ ቢያንስ ግን የከፈልንበት ቤንዚን በወጉ ይቃጠላል።

ማርሚታውስ? የዲቲ ሞተር ቱ ስትሮክ ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ያ ሆዱ ነፋ ያለ ቱቦ ጭስ ማውጫ ብቻ አይደለም። የሚወጣው ጭስ ግፊት የቱቦው መጥበቢያ ጋ ሲደርስ ይመለስና፣ ሳይቃጠል ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚንና አየር ወደ ሞተሩ መልሶ ይገፋዋል። ሆዱን አውልቆ ቀጥ ያለ ቱቦ የገጠመ ሰው ይህን በረኛ አሰናበተ ማለት ነው። ሞተሩ የሚደክመውም በትክክል ልጁ ኃይል በሚፈልግበት ቦታ ነው፤ ዳገት ላይ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ፎር ስትሮክ የሚነዱት ልጆች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በክፍት ቱቦ ሞተሩ ትንሽ ቀለል ሊለው ይችላል፤ አየር የሚያልፍበት ስለሰፋ የበዛው ቤንዚን ይመጣጠናል። ግን ይህን ሞተር ይዛችሁ ሱሉልታን፣ ፍቼን አልፋችሁ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ውረዱ። ድልድዩ ጋ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ይወርዳል፤ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ፒስተኑ ሊጣበቅ ይችላል። ካርቡሬተሩን ለጉለሌ ያስተካከለ ሰውም ለቆላው መልሶ ማስተካከል አለበት። ይህ ሁሉ የትዕግሥት ሥራ ነው። ድምፅ የለውም፤ ማንም አያይልህም።

ችግሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። እኛ ማይክራፎኑ ሲጮህ ቁም ነገሩ የጨመረ የሚመስለን ሰዎች ነን። ልጁም ከኛው ተማረ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣ ይላል፤ እኔ ግን የሞተር ድምፅ የሚለካ መሣሪያ ይዞ መንገድ ላይ የቆመ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዋጋውን የሚከፍለው ግን አለ። በዚሁ ክፍለ ከተማ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሕሙማን ተኝተዋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ልጁ ራሱ አለ። የጆሮ ባለሙያዎች እንደሚሉት በቀን 8 ሰዓት 85 ዴሲቤል የሚችል ጆሮ፣ 100 ዴሲቤል ሲሆን የሚችለው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ክፍት ቱቦ ይህን በቀላሉ ይደርሳል። ዕቃ እያደረሰ እንጀራውን የሚበላ ልጅ ሲውል ሲያድር ጆሮውን ይበላዋል።

እንጀራ ካልን ዘንድ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የከተማው አስተዳደር በሞተር ሳይክሎች ላይ እገዳ ሲጥል ምክንያቱ ዘረፋ ነበር። ብዙው ሕዝብ «እሰይ!» ያለው ግን በዘረፋው ብቻ አይመስለኝም፤ በጩኸቱም ተንገፍግፎ ነበር። ዛሬ ፈቃድና ሰሌዳ ይዘው የሚሠሩት ልጆች ይህን ቢያስቡት ደግ ነው። የሰፈር ሰው ፊት የነሳው ሥራ ፈቃድ ቢኖረውም አይበረክትም።

ከሳምንት በኋላ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ጥለት የምትመርጥ ዘመዴን ቆሜ እየጠበቅሁ ሳለ ያንን ድምፅ ሰማሁት። ነጋዴዎቹ ጆሯቸውን ያዙ። እኔም ልጁን ላየው ወደ ቁልቁለቱ ዞርኩ።

ድምፁ ደረሰ። ሞተሩ እስኪደርስ ግን ብዙ ጠበቅን።