በሩ አልዘጋ ያለው መኪና

ጄምስ ማንጎልድ እ.ኤ.አ. በ2019 ያቀረበውን «ፎርድ ቪ ፌራሪ» የተሰኘ ፊልም ያየሁት ዲላ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ነው። መንገዱ ከአዲስ አበባ ሞያሌ የሚዘልቀው፣ የይርጋጨፌ ቡና በአይሱዙ የሚያልፍበት ነው። የተመልካቹም ግማሽ ሹፌርና ረዳት ነበር።

ፊልሙ የ1966ቱን የለማን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ይተርካል። ገና በመጀመሪያው ዙር የኬን ማይልስ መኪና በር አልዘጋ ይላል፤ መካኒኮቹ በመዶሻ ቀጥቅጠው ይዘጉታል። ቤቱ በሳቅ ተናጋ! ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት መኪና ዘመዱ የእኛው ቅጥቅጥ ሆኖ ተገኘ። ክርስቲያን ቤልም በዚህች ቅጽበት ከጀግና ይልቅ ሹፌር ይመስላል። ከፊልሙ ሁሉ እኔ የማስታውሰው ይህንን ነው።

መጨረሻው ግን አልዋጥልህ አለኝ። በእውነተኛው ውድድር ማይልስ እየመራ ሳለ፣ ሦስቱ የፎርድ መኪኖች አብረው እንዲገቡ ኩባንያው ፈለገ። እሱም ፍጥነቱን ቀነሰ። ድሉ ግን ከኋላው ተነስቶ ስለነበር የበለጠ ርቀት ሸፍኗል ለተባለው ለእነብሩስ ማክላረን ተሰጠ። ማይልስ በሁለት ወሩ፣ አዲስ መኪና ሲሞክር ሞተ። ፊልሙ ያንን ትእዛዝ የሰውዬው በጎ ፈቃድ አስመስሎ ያቀርበዋል፤ ጥፋቱንም ሊዮ ቢቢ በተባለ ኃላፊ ላይ ቆልሎ ኩባንያውን በነፃ ሊያሰናብት ምንም አልቀረው።

አጠገቤ የነበረ የአይሱዙ ሹፌር አልተታለለም።

«ባለጭነቱ ‹ሳይነጋ አዲስ አበባ ግባ› ሲለኝ እኮ፣ እኔም እሺ የምለው ወድጄ ነው» አለና ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።