ትዝታ በማንዶሊን ክሮች ላይ

ትዝታን በመሰንቆ የለመደ ጆሮ ዜማውን በማንዶሊን ሲሰማ በመጀመሪያ የሚናፍቀው ደጋኑን ነው። የመሰንቆ አንድ የጭራ ክር በደጋን እየተፈተገ ድምፁን ያቆየዋል፤ አዝማሪውም ጣቱን በክሩ ላይ እያንሸራተተ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ያለ ድንበር ይሻገራል። ማንዶሊን ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው የተወጠሩ ስምንት የብረት ክሮች፣ አንገቱንም በቁርጥ ስፍራ የሚከፋፍሉ እርከኖች አሉት፤ በመምቻ የተነካ ድምፅም ወዲያው ይሞታል። መሣሪያው ለአገራችን ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ የአየለ ማሞን «ወይ ካሊፕሶ» የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ትዝታን ሊጫወትበት የተነሣ ሰው ግን ገና ከጅምሩ፣ የሚሞተውን ድምፅ ምን እንደሚያደርገው መወሰን ይኖርበታል።

ከድሬዳዋ ወጣ ብላ በምትገኘው መልካ ጀብዱ፣ ሙቀቱ በረድ ባለ አንድ ምሽት፣ አንድ ተጫዋች ይህንኑ ዜማ በሦስት መልክ አሰማን።

በመጀመሪያው መምቻውን ሳያቋርጥ በማርገብገብ ደጋኑን ሊተካ ሞከረ። የእጁ ፍጥነት አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ድምፁ ረዘመ እንጂ አልተንሸራተተም፤ የመሰንቆ ለቅሶ ያለው ደግሞ በመንሸራተቱ ውስጥ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ሲያመጣው የሠመረለት፣ ትንፋሽ ድምፅን ማጠፍም ማስጮኽም ስለሚችል ነው። ማንዶሊን ይህ ጸጋ የለውም፤ ባይመኘውም ይሻለዋል።

ሁለተኛው አጨዋወት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ነው። አንዱን ድምፅ ነካ፤ ሊጠፋ እስኪቃረብም ጠበቀው። በክራሯ የምትታወቀው አስናቀች ወርቁ ከተወችልን ቅጂዎች እንደምንረዳው፣ ክራርም ድምፁ ቶሎ የሚያልፍ መሣሪያ ሆኖ ሳለ ትዝታን አላነሰበትም። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖም ከዚሁ ወገን ነው። ተጫዋቹ ዜማውን በሜጀር ትዝታ ጥቂት ካቆየ በኋላ፣ ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ወደሚወርዱበት ወደ ማይነር ትዝታ መለሰው። ያ መውረድ ከዝምታው መካከል ጎልቶ ወጣ። ይኸው ሽግግር በመጀመሪያውም ነበረ፤ ነገር ግን በርግብግብታው ተውጦ አላስተዋልነውም።

ሦስተኛው የአካባቢው ነው። ድሬዳዋ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው የዓሊ ቢራ ከተማ ናት፤ ከአፍረን ቀሎ ጋር በ1950ዎቹ የተነሣው ይህ ድምፃዊ ዑድንም ይጫወት ነበር። የዑድ ልማድ በተጫዋቹ እጅ ላይ ይታያል፤ በሐረጎቹ መዝጊያ ላይ ትናንሽ ጌጦች ይጨምራል፣ ምቱንም ያፈጥነዋል። አድማጩ ይበልጥ ያጨበጨበው ለዚህ ነው፤ የእኔም እግር ምት ሲቆጥር ያዝሁት። ሆኖም ትዝታው ተጫዋች ሆነ፤ የሚናፈቀው ሰው ከበሩ የገባ ያህል። ይህ ጥፋት ነው ለማለት አልደፍርም፤ እኔ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ዛሬ ብዙ ጀማሪ ትዝታን የሚማረው ከአንድ ቅጂ፣ ጌጡን ሳይቀር እየገለበጠ ነው። እንዲህ የተማረ እጅ ሦስት መልክ ሊያወጣለት አይችልም፤ ዜማው የተቀዳበትን ዕለት ብቻ ይደግማል።

ሊመሽ ሲል ሁለተኛውን እንዲደግምልን ለመንነው። እሺ አለና ክሮቹን ቃኝቶ፣ ከማይነሩ ጀምሮ ወደ ሜጀሩ የሚወጣ አራተኛ መልክ ተጫወተ።