ጋታ-1 እና የጎጀብ ወባ

ከቦንጋ ወይና ደጋ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ሲወረድ ሙቀቱም ወባውም ይበረታል። የቆላው ነዋሪ ለምርመራ ከጣቱ በሚሰጣት የደም ጠብታ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቀይ ሕዋሳት አሉ፤ ያለ ጋታ-1 አንዳቸውም በወጉ አይበስሉም። ይህ ፕሮቲን ጂኖችን የሚቀሰቅስ ተቆጣጣሪ ነው፤ የራሱ ጂን የተለየው በ1989 ነበር።

በአጥንት መቅኒ ውስጥ ዕጣዋ ያልለየላት ሕዋስ አለች። ጋታ-1 ሲያይል ወደ ቀይ ደም ታመራለች፤ ተቀናቃኙ ፒዩ.1 ሲያይል ወደ ነጭ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ዳፊ የተባለው ጂን ነው። ከጂኑ ፊት ጋታ-1 የሚያርፍባት አጭር ምልክት አለች። እዚያ ላይ ቲ የተባለችው የዲኤንኤ ፊደል በሲ ስትተካ ጋታ-1 ማረፊያ ያጣል፤ ይህም በ1995 ታወቀ። ለውጡ ከእናትም ከአባትም ከተወረሰ ቀይ ሕዋሳት የዳፊን ፕሮቲን አይሠሩም፤ ሌላው የሰውነት ክፍል ግን መሥራቱን አያቆምም። እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው! ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ወደ ቀይ ሕዋስ የሚገባው በዋናነት በዚሁ ፕሮቲን በኩል ነውና መግቢያው ይጠብበታል።

በምዕራብ አፍሪካ ይህ ለውጥ የሌለበት ሰው ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ግን ዳፊ ያለውና የሌለው ጎን ለጎን ይኖራል፤ ቫይቫክስ እዚህ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ሳይቀር ተውሳኩ ተገኝቷል፤ በየት በኩል እንደሚገባ ተመራማሪዎች አሁንም እየፈለጉ ነው።