ዕጣን በብርጭቆ

እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው የሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ከበርበሬና ከጀበና ጎን ዕጣን የሚሸጡ ሱቆች አሉ። አፓርትመንት ውስጥ ግን ዕጣን ማጨስ የጭስ ማንቂያውን ያስጮኻል። የዕጣን ዘይት የተጨመረበትን የአኩሪ አተር ሻማ የወደድኩት ለዚህ ነው። ከዘይት ስለሚሠራ የጾም ሻማ ነው ብትሉም አያጣላንም።

ሻማው ሲሠራ ሰሙ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ የፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጣል። 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የዕጣን ዘይት ይጨመርበታል፤ ለ100 ግራም ሰም ከ6 እስከ 8 ግራም ይበቃል። በቀስታ ይማሰላል፤ ወደ 60 ዲግሪ ሲበርድ ክሩ መሐሉ ላይ በቆመበት፣ ሙቀት በሚችል ብርጭቆ ውስጥ ይገለበጣል። የተወቀጠ ዕጣን መነስነስ የሚያምራችሁ ካላችሁ ተዉት፤ ሰሙ ውስጥ አይሟሟም፣ ክሩንም ይደፍነዋል። የሚከብደው ትዕግሥቱ ነው፤ ሽታው እንዲዋሐድ አንድ ሁለት ሳምንት ተከድኖ መቆየት አለበት።

ሻማው ጧፍን አይተካም፤ አይሞክርምም። ጧፍ የንብ ሰም በጥጥ ፈትል ላይ ነው፣ በእጅ ይያዛል፤ ይሄኛው ልስልስ ስለሆነ ብርጭቆ ይፈልጋል።

በትንሽ ብርጭቆ ጀምሩ፤ ሲበራም ትታችሁት ከቤት አትውጡ።